የእሑድ ታምቡር ነቃዮች

ከተቀመጠበት አልነቀል ያለ ነገር አጋጥሟችሁ ያውቃል? ባለሥልጣን ማለቴ አይደለም። እንግዳም ማለቴ አይደለም፤ እንግዳ ቢያንስ ወይ ሲጠግብ ወይ ሲሰለቸው ይነሣል። እኔ የማወራው ስለ ብረት ነው። ብረት ከብረት ጋር ተጋብቶ በዝገት ከቆረበ በኋላ ፍቺ የሚባል ነገር አያውቅም። ሽማግሌ ብትልኩበት፣ መዶሻ ብታወርዱበት፣ እሳት ብትለቁበት ያው ነው። የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እምብዛም አልደነቀኝም። ጨረቃ ላይ የወጡት ሰዎች የአሮጌ መኪና የኋላ ታምቡር ንቀሉ ተብለው ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ግቢያቸው ውስጥ እንደ ተንበረከኩ ባገኘናቸው ነበር።

ታምቡር ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ከጎማው ጀርባ እንደ ድስት የተደፋ ብረት ነው። ፍሬኑ ሆዱ ውስጥ ተደብቋል። መሀሉን ሰንጥቆ ሰሚያስ የሚሉት፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ብቅ ይላል፤ በዘንጉ አናት ላይ ደግሞ ትልቅ ዳዶ ይታሰራል። እንግዲህ ጎማውን ማውለቅ፣ ዳዶውን መፍታት፣ ታምቡሩን ሳብ ማድረግ ነው። በወሬ ደረጃ ሥራው ይኸው ነው። በወሬ ደረጃ እኮ ሶሻሊዝምም ቀላል ነበር።

በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ተመድቤ መጣሁ፣ ሙቀቱን ተሳደብሁ፣ ሙዙን ወደድሁ፣ ቀጥሎ ማርታ የምትባል፣ ከከተማው በላይ ካለችው የጋሞ መንደር ከኦቾሎ የመጣ ሰው ልጅ አግብቼ ሲቀላ በሚሉት የከተማው ሰፈር ቀረሁ። መኪናዋን ያገኘኋት አገር ለቅቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አንድ ጊዜ አረንጓዴ ነበረች ይባላል። ስትነሣ እንደ አስም በሽተኛ ታስላለች፤ ግን ትነሣለች።

ሕልሜ አንድ ብቻ ነበር፤ ማርታን ከጎኔ አስቀምጬ የጨንቻን ዳገት መውጣት። እዚያ ላይ አጎቶቿና አክስቶቿ አሉ። እስከዚያ ድረስ እነሱን የምጠይቀው በጭነት መኪና ከጆንያ በላይ ተቀምጬ ነበር፤ ስደርስ ሰላምታ ከማግኘቴ በፊት ከጆንያዎቹ ጋር ያወርዱኛል። ባለ ዲግሪ ሰው እንደ ድንች መውረድ እስከ መቼ?

ታዲያ መኪናዋ አንድ ክረምት ሙሉ ሽፈራው ዛፍ ሥር ቆማ ከረመችና፣ ዝናቡ ሲያባራ ላስነሣት ብል የቀኝ የኋላ ጎማዋ አልዞር አለ። ሦስቱ ጎማዎች መንገዱን ተቀብለዋል፤ አራተኛው ተቃውሞ አለው። ፍሬኑ ታምቡሩ ውስጥ እንዳለ ዝጎ ነክሶ ይዞታል። ስለዚህ ታምቡሩ መነቀል አለበት።

መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩ። ጎማውን አወለቅሁ፤ ዳዶውን በረጅም ቱቦ እየታገልሁ ፈታሁ፤ ታምቡሩን በሁለት እጄ ይዤ፣ እግሬን ከመኪናዋ ጎን ተክዬ ሳብሁ። የመጣው ወገቤ ነው። በመዶሻ ደበደብሁት። ላምባ አጠጣሁት። ከሰል አቀጣጥዬ አሞቅሁት። በስተመጨረሻ ለመንሁት፤ አዎ፣ በጎጃም አማርኛ፣ እንደ ታላቅ ሰው ለመንሁት። ማርታ በመስኮት እያየች ከሳቋ ብዛት ሽሮውን አሳረረችው።

የማርታ አባት፣ አቶ ማዳልቾ፣ ይህን ሰምተው ሊያዩ መጡ። ሲቀላ ገበያ ጋቢና ቡልኮ የሚሸጡ፣ ረጋ ያሉ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው እስኪዘጋባቸው ድረስ በሽማግሌነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ በሩ ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆኗል። የጸሎት ስብሰባ የተባለ ሁሉ ክልክል ነው፤ ከመዘምራኑ መሪ ከወንድም ሉቃስ የበለጠ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ቤቱ ሰው ሰበሰብክ ተብሎ ታስሮ ጸጉሩን ተላጭቶ ነው የወጣው።

አቶ ማዳልቾ ታምቡሩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያም፣ “ይቺ ታምቡር እንቢ አለ?” ብለው ጠየቁኝ። አማርኛቸው ውስጥ ወንድና ሴት ተከባብረው አብረው ይኖራሉ፤ የእኔን ጋሞኛ የሰማ ሰው ግን በእሳቸው አይስቅም። እንቢ ብሏል አባባ፣ አልኋቸው።

“በጣም እንቢ አለ?”

“በጣም።”

ፊታቸው በራ። እኔ ርኅራኄ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ልጄ፣ ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እሑድ ሰው ይዤ እመጣለሁ” አሉኝ።

ያን ጊዜ ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ እሑድ እሑድ የግል መኪና መንዳት ክልክል ነበር። መጠገን ግን የሚከለክል አልነበረም። እንዲያውም በጋራ መሥራትን የመሰለ የተመሰገነ ነገር የት ይገኛል?

እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጉልበታም ሰዎች ስጠብቅ ግቢው ሞላ። ወንዱ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሴቱ ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሳይቀሩ መጥተዋል። እኔ ቅባት የነካው ቱታዬን ለብሼ መሀላቸው ስቆም ሙሽራ ቤት በስሕተት የገባ ቧንቧ ሠራተኛ መሰልሁ። የጋሞ ሰው ለመኪና እንዲህ ያለ ፍቅር እንዳለው ጂኦግራፊ ላይ አልተማርኩም ነበር።

ሁሉም ታምቡሩን ከበው ቆሙ። አቶ ማዳልቾ፣ “መጀመሪያ እናድምጠው” አሉ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርሁ። አንድ ነገር ይሰማል ብዬ ጆሮዬን ጣልሁ፤ ታምቡሩ ምንም አላለም፤ ሰዎቹ ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ማዳመጡ ረዘም አለ። አንዲት እናት ሲያዳምጡ ዕንባቸው ወረደ። ምን ዓይነት ርኅሩኅ ሕዝብ ነው! ለሰው ፍሬን እንዲህ የሚያለቅስ የት አለ?

ቀጥሎ ወንድም ሉቃስ መዶሻውን ያዘ። እንደ እኔ ዝም ብሎ አይቀጠቅጥም፤ ሁለት ጠንከር፣ አንድ ለስለስ፣ ትንሽ ፋታ፣ እንደገና ሁለት ጠንከር። ታምቡሩም፣ ነገሩ ስሙ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ይመልስለታል። ሴቶቹ በአፍንጫቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ሥራ ሲሠራ ማንጎራጎር ያለ ነው ብዬ እኔም በጎጃሞች የአጨዳ ዜማ አገዝኋቸው፤ ሉቃስ በትሕትና፣ “መምህር፣ እርስዎ ቢያርፉ ይሻላል፣ ምቱን ያስቱኛል” አለኝ።

ታምቡሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ማንም አላዘነም። ቆጮ በጎመን ተበላ፣ እየተሳሳቁ ተጨባበጡና፣ “በሚቀጥለው እሑድ ያገናኘን” ተባብለው ተለያዩ።

በሚቀጥለው እሑድ ብዛታቸው ጨመረ። ከዚያ በኋላ ባለውም ጨመረ። የኦቾሎ ሰዎች ቁልቁል ወርደው መምጣት ጀመሩ። አቶ ማዳልቾ ከመዶሻው በፊት አጭር ንግግር ያደርጋሉ፤ ልቡ ስለ ደነደነ ታምቡር፣ ብዙ መቅሠፍት ወርዶበት እንኳ ሕዝቡን አልለቅም ስላለ ታምቡር። እኔ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሜ እያዳመጥሁ፣ ይህ ነገር ከዚህ በፊት የት ነው የሰማሁት እላለሁ። አስቡት እንግዲህ፣ ዳዊት የደገምሁ የቄስ ልጅ ነኝ! ግን አንድ ሰው ሐሳቡን ሁሉ ታምቡር ላይ ከጣለ ፈርዖንን ፊት ለፊት ቢያገኘው አይለየውም።

እኔ በበኩሌ ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄጄ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ መንቀያ አሠራሁ። ሦስት ጥፍር አለው፤ ጥፍሮቹ ታምቡሩን ከኋላ ይነክሱታል፤ መሀል ያለውን ትልቅ ብሎን ስታጠብቁት ሰሚያሱን ወደ ውስጥ እየገፋ ታምቡሩን ወደ ውጭ ይጎትታል። እሑድ ዕለት አምጥቼ ሳሳያቸው እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ግቢው ጸጥ አለ። ሐዘን ላይ ቀልድ የተናገርኩ ይመስል ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አቶ ማዳልቾ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ “ጥሩ ብረት ነው። ግን ለታምቡሯ ብዙ ጭካኔ አይሆንም?” አሉ።

የሆነ ሆኖ ሰቅዬ አጠበቅሁት። ብሎኑን እንደ ክራር ክር ወጥሬ ተውሁት፤ እንዲህ ተወጥሮ ከሰነበተ ራሱ እንደሚለቅ ቀጥቃጩ ነግሮኛል። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብሎኑ ላልቷል። መልሼ አጠበቅሁ። በማግሥቱ ጭራሽ መንቀያው ወርዶ፣ ከኪሴ አውጥቼ መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ያኖርሁት ዳዶ ቦታው ተመልሶ፣ ያውም ጥርቅም ብሎ ታስሯል። ዝንጀሮ ነው አልሁ። አርባ ምንጭ ላይ ለማይገባህ ነገር ሁሉ ዝንጀሮ አለ፤ ሙዝ ጠፋ፣ ዝንጀሮ ነው፤ ልብስ ከገመድ ጠፋ፣ ዝንጀሮ ነው። ግን ዳዶ አንሥቶ፣ ጥርሱን ለክቶ፣ በቱቦ የሚያጠብቅ ዝንጀሮ ካለ መቀጠር ያለበት እኔ ቦታ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል አልነበረኝምና ቀደም ብዬ ቤት ገባሁ። አቶ ማዳልቾ ኮታቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ ቱቦዬን ይዘው ዳዶውን ያጠብቃሉ። ፊታቸው ላይ ላቡ ይንቆረቆራል። አማቴ ባይሆኑ ኖሮ ሌባ ብዬ እጮህ ነበር።

“አባባ! ምን እያደረጉ ነው?”

ቀና ብለው አዩኝ። መዋሸት የማይችሉ ሰው ስለ ሆኑ በጣም ተቸገሩ። “እንዳይጠፋ ብዬ ነው ልጄ” አሉ። “ምኑ?” ብላቸው፣ ትንሽ አሰቡና፣ “እሑዱ” አሉኝ።

ማርታ ከጓዳ ወጥታ መሀላችን ቆመች። “አንተ ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ አልገባህም እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። እኔ ታምቡር ስነቅል የከረምሁት ለካ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኖሯል። ማዳመጡ ጸሎት፣ መዶሻው ከበሮ፣ ንግግሩ ስብከት፣ ቆጮው የፍቅር ማዕድ ነው። እኔ መኪና ሥር የተጋደምሁት ሰውዬ ደግሞ፣ ሳላውቀው፣ ሽፋን ነኝ።

ተናደድሁ። ከመናደዴም በላይ ፈራሁ። እንኳን የመንግሥት አስተማሪ፣ ከመንግሥት ምንም የማይጠብቅ ሰው እንኳ በዚያ ዘመን በትንሽ ነገር ይጠፋ ነበር። ብያዝ ምን እላለሁ? ታምቡር ስነቅል ነው ቢባል ማን ያምናል? እውነቱ ያ መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከሁሉ ሰው በእውነት ታምቡር የሚነቅለው እኔ ብቻ ነኝ! “ለምን አልነገራችሁኝም?” ብዬ ጮህሁ። ማርታ፣ “ብታውቅ እንዲህ አምነህ አትታገልም ነበራ። አንተን ያየ ማን ይጠረጥራል?” አለች። ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ አሁን አልለየሁትም።

አቶ ማዳልቾ ኮታቸውን ለበሱ። “ልክ ነህ ልጄ። ቤቱ ያንተ ነው፤ እሑድ እንዳይመጡ እነግራለሁ” አሉና ወደ በሩ ሄዱ። አረማመዳቸው ድምፅ አልነበረውም። እኒያን ያለቀሱትን እናት አሰብሁ፤ የሉቃስን የተላጨ ራስ አሰብሁ። ባላስብ ይሻለኝ ነበር።

“አባባ” አልኋቸው፤ ዞር አሉ። “ዳዶውን ሲያጠብቁ ጥርሱ እንዳይበላሽ ቀስ ብለው ይሁን። ሌላ አይገኝም።”

 እጄን ይዘው ቅባቱን ሳይጸየፉ ሳሙት። እኔ ነኝ እንጂ የሳቸውን መሳም የነበረብኝ! ማርታ ወደ ጓዳ ገብታ ድስት ማንኳኳት ጀመረች፤ የምታለቅስ ሴት ድስት እንዴት እንደምታንኳኳ ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር እንምጣ፤ እኛ ባንመጣ ኖሮም እሱ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ጓድ ተካልኝ እግዚአብሔር አለመኖሩን በየሳምንቱ በውይይት ክበብ የሚያረጋግጥልን ሰው ነው። እንዲህ ደጋግሞ የሚያረጋግጥ ሰው ጥርጣሬ ሳይኖረው አይቀርም የሚል ሐሳብ በልቤ ያልፍ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሐሳብ በልብ ብቻ ነበር የሚያልፈው።

አንድ እሑድ፣ ፀሐይዋ ሽፈራውን ዘልቃ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ሉቃስ መዶሻውን አሳርፎ ሁሉም “በማዳመጥ” ላይ ሳለ የግቢው በር ተበረገደ። ጓድ ተካልኝ ካኪውን ለብሶ ገባ፤ ከኋላው አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃ ይዟል።

“ይህ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው?” አለ።

 እኔ ከመኪናዋ ሥር እየተሳብሁ ወጣሁ። ቅባት ያልነካው ጥርሴ ብቻ ነበር። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ታምቡር ነው” አልሁት።

“የምን ታምቡር? ይህን ያህል ሰው ለአንድ ታምቡር?”

“እንቢ ብሎ ነው።”

ጠጋ ብሎ አየው፤ ቀጥሎ ነጭ ነጠላ የለበሱትን ሴቶች አየ፤ ቀጥሎ የሉቃስን ራስ አየ፤ ጸጉሩ ገና አላደገም። “ይህን ሰውዬ የማውቀው ይመስለኛል” አለ። የሉቃስ ፊት አመድ ሆነ። “እንግዲያው ጥገናውን ልየዋ። በሉ፣ ንቀሉት!” አለና እጁን አጣምሮ ቆመ።

ምን ይደረግ? አቶ ማዳልቾ ራሳቸው መንቀያውን አንሥተው ሰጡኝ። ዳዶውን ፈታሁ። በጭንቀት ስለ ነበርሁ ታምቡሩ ሲለቅ ተፈናጥሮ እንዳይሄድ ጥቂት ጥርስ አስይዤ መተው ሲገባኝ ጨርሼ አውጥቼ ኪሴ ከተትሁት። መንቀያውን ሰቀልሁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጉባኤው ሁሉ በእውነት ሠራ፤ ሉቃስና ሌሎች ጎረምሶች ቱቦው ላይ ተንጠለጠሉ፣ ሽማግሌው በከዘራቸው ገፉ፣ ብሎኑ ሲጥ ሲጥ እያለ ተወጠረ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለ። ታምቡሩ ግን እንደ ወትሮው። ይህን ሁሉ ጊዜ ባለመነቀሉ ሲያገለግለን ኖሮ፣ አሁን ባለመነቀሉ ሊያሳስረን ነው።

ጓድ ተካልኝ ይህን ሲያይ ግን ጥርጣሬው ቀስ በቀስ ወደ ንግግር ተለወጠ፤ ብዙ ሰው ፊቱ ቆሞ ንግግር ሳያደርግ ቀርቶ አያውቅማ። ወደ ታምቡሩ ጎንበስ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ለእኛ ሳይሆን ለታምቡሩ የሚናገር ይመስል እጁን ዘረጋ። “ጓዶች! የተደራጀ ኃይል የማይነቅለው ነገር የለም! ይህ ዝገት የአሮጌው ሥርዓት ዝገት ነው! ከሰማይ የሚመጣ ረዳት አንጠብቅም! ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር…”

ጧ!

መድፍ እንኳ እንዲህ አይጮህም። ሙቀቱ ይሁን ውጥረቱ ወይስ ንግግሩ እንጃ፣ ታምቡሩ መንቀያውን አራግፎ ተፈናጥሮ በጓድ ተካልኝ ጆሮ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን እንደ ያዘ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ተማረከ፤ ለማን እንደ ተማረከ እሱም አያውቅም። ጓድ ተካልኝ በደረቱ ተዘርግቶ ግማሽ አካሉ መኪናዋ ሥር ገባና በዚያ ለመፈክር በሠለጠነ ድምፁ፣ “ቅዱስ ገብርኤል! በክንፍህ ጋርደኝ አባቴ!” ብሎ ጮኸ።

በዚያው ቅጽበት ደግሞ ግቢ ሙሉ ሕዝብ፣ ወራት ሙሉ በአፍንጫው ሲያንጎራጉር የከረመ ሕዝብ፣ ባንድ አፍ፣ “ሃሌሉያ!” አለ።

ከዚያ የተሰማው የታምቡሩ ድምፅ ብቻ ነበር። በጠርዙ ቆሞ ግቢውን ዞረ፣ እየተንገዳገደ መጣና ከሊቀመንበሩ ራስ አጠገብ ድው… ድው… ድውድውድው ብሎ ተኛ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጓድ ተካልኝ ቀስ ብሎ ተነሣ። ካኪው በአቧራና በቅባት ተለውሷል። እኛን አየ፤ እኛም አየነው። የሰማነውን እንደ ሰማን ያውቃል፤ የሰማውን እንደ ሰማ እናውቃለን። አብዮት ጠባቂው እጁን አላወረደም።

አቶ ማዳልቾ ወጣ ብለው የሊቀመንበሩን ደረት በመሐረባቸው ያራግፉ ጀመር። “ጓድ ሊቀመንበር” አሉ በዚያ በረጋ ድምፃቸው፣ “ብረት እንዲህ ሲጮህ ጆሮ ይደፍናል። እኛ ምንም አልሰማንም።” ቀጥለውም፣ “እርስዎስ?” አሉት።

ጓድ ተካልኝ አብዮት ጠባቂውን በጎን አየት አደረገው።  “እኔም ጆሮዬ ጭው ብሏል” አለ። “ምንም አልሰማሁም።” ከዚያ ወደ አብዮት ጠባቂው ዞሮ፣ “አንተስ?” ቢለው፣ ምስኪኑ እጁን እንዳነሣ፣ “እኔ ከልጅነቴም ጀምሮ ጆሮዬ ደህና አይደለም ጓድ!” አለ።

ማርታ ውኃ አምጥታ አስታጠበችው። ቆጮ ቀረበለት፤ በላ፤ ዳጣውን ደገመ። ጉባኤው ግን ተክዟል። ታምቡሩ ተነቅሏል፤ ዋሻው ፈርሷል። ሉቃስ መዶሻውን እንደ ሟች ዕቃ ጥግ አስቀመጠው። ይህን ጊዜ አቶ ማዳልቾ እንደ ዋዛ፣ “እንግዲህ የቀረው የግራው ነው” አሉ።

ጓድ ተካልኝ ማኘኩን አቆመ። “የግራውም እንቢ ብሏል?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ለመናገር የግራውን አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም። “እሱማ የባሰ ነው” አልሁ።

ሊቀመንበሩ ብዙ አሰበ። መሬት ላይ የተዘረጋበትን ቦታ አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ አፉን ጠረገ። “የግራ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል” አለ። “መቻኮል የግራ ክንፍ ሕመም ነው። በየእሑዱ ቀስ እያላችሁ ብትሠሩበት ቀበሌው ተቃውሞ የለውም። የጥገና ክበብ ተብላችሁ ተመዝግባችኋል።” ከመውጣቱ በፊት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ “ጓድ መምህር፣ ንግግር የማደርግ ከሆነ ግን ያን ብሎን አታጥብቅብኝ” አለኝ።

እናም ያ ሥርዓት እስኪወድቅ ድረስ በየእሑዱ የግራውን ታምቡር “ነቀልን”። አርባ ምንጭ ውስጥ በሊቀመንበር ትእዛዝ የተፈቀደ ብቸኛው ጉባኤ የእኔ የኋላ ጎማ ዙሪያ ነበር። የጨንቻ ዘመዶቻችንን ስንጠይቅ ግን እኔና ማርታ ጆንያ ላይ ነበርን፤ የተፈታች መኪና አትነዳማ።

በመጨረሻ ዘመኑ ተለወጠ። እህሉ ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተጠረገ፣ በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያው እሑድ ማርታ ነጠላዋን ለብሳ ከአባቷ ጋር ሄደች፤ ሉቃስም ሄደ፤ ከኦቾሎ የሚወርዱት በበራችን እያለፉ፣ ሰላምታ እየሰጡኝ፣ ወደዚያው ሄዱ። እኔ ቱታዬን ለብሼ፣ መንቀያዬን ይዤ፣ ግቢው መሀል ቀረሁ። ከወዲያ ማዶ ዝማሬው ያስተጋባል፤ እውነተኛ ከበሮ አግኝተዋል። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። እስቲ እንግዲህ ለብቻችን እንተዋወቅ ብዬ የግራውን ዳዶ ፈታሁና፣ መንቀያውን ለመስቀል ቦታ ሳመቻች ታምቡሩን በአንድ እጄ ደገፍ አደረግሁት።

እንደ ድስት ክዳን ወጣ። አንድ ቀን እንኳ ተጣብቆ አያውቅም ነበር።

ይዤው ብዙ ቆምሁ። ውስጡን አየሁ፤ ፍሬኑ እንደ አዲስ ነው፣ ዝገት የሚባል የለም። የቀኙ ከተጠገነ ቆይቷል፤ አሁን ጎማዎቹን መልሼ፣ ሞተሩን አስነሥቼ፣ በዚያው ቀን ጨንቻ ልወጣ እችል ነበር። ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ግራና ቀኜን አየሁና ታምቡሩን መልሼ ገጠምሁት፤ ዳዶውንም ቱቦው እስኪጎብጥ ድረስ አጠበቅሁት። በዚህ አገር ደግሞ ነገ የትኛው በር እንደሚታሸግ ማን ያውቃል?